በግድቡ ሆድ የቀረው ውሃ

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ጎረቤቶቼ ዕድሜህን ሙሉ ምን ስትሠራ ኖርክ ብለው ሲጠይቁኝ «ስፈራ» እላቸው ነበር። ይስቃሉ። እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም። የአፈር መሐንዲስ ነኝ፤ የአፈር መሐንዲስ ደግሞ እንጀራ የሚበላው አፈርን ስላወቀ ብቻ ሳይሆን ውሃን በጊዜው ስለፈራ ነው። ሌላው ሰው ዝናብ ሲጥል «ተመስገን» ይላል። እኔ መስኮት ከፍቼ ሐረር ዙሪያ ያሉትን ግድቦችና የመንገድ ሙሌቶች በሐሳቤ አንድ በአንድ እዞራለሁ። ባለቤቴ «ዝጋው፣ ብርድ ይመታሃል፤ ግድቡ አንተ ስላሰብከው አይቆምም» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ግን ስላላሰብኩትም አይቆምም።

የተወለድኩት ደብረ ብርሃን አካባቢ ነው። ሐረር ተመድቤ ስመጣ ሐሳቤ ሁለት ዓመት ሠርቼ መመለስ ነበር፤ ይኸው ፀጉሬ እዚሁ ሸበተ። ዘመዶቼ አሁንም ግባ ወደ አገርህ ይሉኛል። ክረምቱ ይውጣ እላቸዋለሁ፤ ክረምቱ ሲወጣ በጋው ይለፍ እላለሁ። እኔ የምፈራውን የሚያውቅ ሰው ለበጋ የተለየ ምክንያት እንዳለኝ ይገባዋል። ለማያውቀው ልንገረው።

የመጀመሪያ አለቃዬ ጋሽ ወርቅነህ ይባሉ ነበር፤ ነፍሳቸውን ይማር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ካኪ ካፖርታቸውን በጋና ክረምት የማያወልቁ ሰው ነበሩ፤ ጆሯቸው ላይ ሁልጊዜ ሰማያዊ እርሳስ ይሰካሉ። ሥራ በጀመርኩበት ቀን ከቢሮ በፊት ጀጎልን ላሳይህ አሉኝ። ጠባብ ጎዳናዎቹን፣ ገበያውን ያሳዩኛል ብዬ ስጠብቅ በግንቡ ውጭ በኩል ይዘውኝ ዞሩና ከግርጌው ካለ ዝቅ ያለ ቀዳዳ ፊት ቁጢጥ አሉ። ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። የጅብ መግቢያ ነው አልኩ፤ አልጋ የያዝኩበት ቤት ሰዎች እንደዚያ ነግረውኝ ነበር።

«ጅቡ በኋላ የለመደው ነው» አሉ። «ዋናው ሥራው የውሃ መውጫ ነው። ከተማው ላይ የዘነበው ሁሉ በዚህ ይወጣል። ግንቡን የሠሩት ሰዎች ሁለት ፍርሃት ቀረበላቸው፤ ውሃው ከግንቡ ኋላ ይከማች ወይስ ጅቡ ይግባ? ጅቡን መረጡ። ግንቡ እስከ ዛሬ የቆመው ለዚህ ነው።»

ጎንበስ ብዬ ቀዳዳውን አየሁ። ውስጡ ጨለማ ነው፣ ይሸታል። ሳላስበው አንገቴን መለስኩ። ጋሽ ወርቅነህ አይተውኝ ሳቁና ደህና፣ ትፈራለህ፣ ለሥራው ትሆናለህ አሉኝ። ያን ጊዜ ያሾፉብኝ መስሎኝ ተቀይሜ ነበር።

ስለ ደመወዝ፣ ስለ አበል፣ በሦስት ኮፒ ስለሚጻፍ ሪፖርት አላወራም። ሁሉም የመንግሥት ሠራተኛ የሚያውቀው ነው። ስለ ሥራው ግን ትንሽ ማለት አለብኝ፤ ያለዚያ ፍርሃቴ አይገባችሁም።

የአፈር ጥንካሬ የሚመጣው ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተጫጭነው ሲፋተጉ ነው። ሰው የታጨቀበት ሚኒባስ አስቡ። ሁሉም እግሩን ወለሉ ላይ ተክሎ ትከሻ ለትከሻ ከተደጋገፈ መኪናው ቢታጠፍም ማንም አይወድቅም። አሁን የማይታይ እጅ ተሳፋሪውን ሁሉ ብብቱን ይዞ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ከወለሉ ከፍ ቢያደርገውስ? ሰዎቹ ያው ናቸው፣ መኪናውም ያው ነው። በሚቀጥለው መታጠፊያ ግን ሁሉም ተያይዞ ባንድ ጎን ይከመራል። በአፈር ውስጥ ያ እጅ በቅንጣቶቹ መካከል የታሰረው ውሃ ግፊት ነው። ከውጭ አይታይም። ግድቡ ሣር አብቅሎ፣ ከብት እየጋጠበት፣ ሰላም መስሎ ይቆማል።

ለዚህ ነው ጋሽ ወርቅነህ የማንኛውም ግድብ ንድፍ ሲቀርብላቸው ስለ ቁመቱም ስለ ስፋቱም የማይጠይቁት። መጀመሪያ የሚጠይቁት «ውሃው የት ነው?» ብለው ነበር። ከዚያ ሰማያዊውን እርሳስ ከጆሯቸው አውርደው በግድቡ ሆድ ውስጥ ውሃው የሚደርስበትን መስመር በገዛ እጃቸው ይስላሉ። መስመሩ አንድ ጣት ከፍ ካለ ጎኑ ይንሸራተታል፣ ዝቅ ካለ ይቆማል፤ የቀረው ስሌት ሁሉ የዚያ መስመር አገልጋይ ነው። መስክ ስንወጣ ደግሞ እንደ ሌላው ሰው ግድቡ አናት ላይ ወጥተው አይንጎራደዱም። ከታች ይጀምራሉ። ግርጌው ላይ ጫማቸውን አውልቀው በባዶ እግራቸው ይቆሙና ሽቅብ ያያሉ። እግር ከዓይን ቀድሞ እርጥበት ያውቃል ይሉ ነበር። ደግሞም ግድብን ከሥሩ ሆኖ ያላየ ሰው ሊፈራው አይችልም ይሉ ነበር። እኔም ከጎናቸው አወልቃለሁ። ከላይ ያ ሁሉ አፈር፣ ከአፈሩ ኋላ ያ ሁሉ ውሃ፣ ከታች የእኔ ሁለት እግር። አንድም ቀን ለምጄው አላውቅም።

ላቦራቶሪያችን ከቢሮው ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። የጭቃ ናሙና በጎማ ሸፍነን ስንጨምቅ አንዱ ሙከራ ቀናት ይወስዳል። ቶሎ ከጨመቅከው ውሃው መውጫ ጊዜ ያጣና ናሙናው ሳታስበው ይፈርስብሃል፤ ቀስ ካልክለት ውሃውን እየለቀቀ ይጠነክራል። ጭቃ አይቸኩልም። ይህን ያወቅኩት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፤ የገባኝ ግን ከአህመዲን በኋላ ነው።

አህመዲን ከሐረር ራቅ ባለ ወረዳ የአንድ የአፈር ግድብ ጥበቃ ነበር። ስንሄድ ሰሌኑን አንጥፎ ያስቀምጠናል፣ ደረቅ ኮቾሮ ዳቦውን ያካፍለናል፤ ጨዋታ አዋቂ ነበር። የግድቡን ንድፍ የሠራው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው፣ ስሙን አልጠራም። ሁለት ስሌት ሠርተዋል። አንዱ ኩሬው ሲሞላ፣ አንዱ ኩሬው ባዶ ሆኖ ሲከርም። ሁለቱም ደህና ነው ይላሉ። አንድ የደረቅ ዓመት ውሃው በጥድፊያ ተለቀቀና ኩሬው ከሳምንት ባነሰ ጊዜ ተራቆተ። አህመዲን ጭቃ ውስጥ የቀረ ቱቦ ሊያወጣ ሸበጡን ግድቡ አናት ላይ አውልቆ በውሃው በኩል ወደ ታች ወረደ። ጎኑ ከነእሱ ተንሸራተተ።

እኔና ጋሽ ወርቅነህ የደረስነው ከቀብሩ በኋላ ነው። የግድቡ ጎን እንደ ተቆረሰ ዳቦ ተገምሷል። ሸበጡ ካወለቀበት ቦታ አልተነሳም፤ ያነሳው ሰው አልነበረም፣ እኔም አልደፈርኩም። ጋሽ ወርቅነህ ንድፉን የመኪናው ኮፈን ላይ ዘረጉ። ኩሬውን ወደ ታች አወረዱት፤ በግድቡ ሆድ ያለውን ሰማያዊ መስመር ግን እላይ እንዳለ ተዉት። ኩሬ ሲሞላ ውሃው ጎኑን ከውጭ ደግፎ ይይዘዋል። ሲራቆት ድጋፉ ይሄዳል፣ ሆድ ውስጥ የገባው ግን ወዲያው አይከተለውም፤ እዚያው ቆሞ ወደ ውጭ ይገፋል። ጎኑን ንድፉ ላይ በመስመር ቆራርሰው፣ የእያንዳንዱን ቁራጭ ክብደትና ግፊት በእጃቸው ደምረው ሲጨርሱ የደህንነት ቁጥሩ ከአንድ በታች መጣ። ከአንድ በታች ማለት ይወድቃል ማለት ነው። እርሳሱን አስቀመጡና «ቁጥሩ ትናንትም እዚሁ ነበር፤ የጠየቀው ጠፋ እንጂ» አሉ። «ሙሉውን አሰቡ፣ ባዶውን አሰቡ። ከሙሉ ወደ ባዶ የሚወስደውን መንገድ ማን ያስብ?»

ከዚያ ቀን በኋላ በጋን መፍራት ጀመርኩ። ክረምቱንማ ሰው ሁሉ ይፈራዋል።

ጋሽ ወርቅነህ ጡረታ ወጡ፣ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ኮምፒዩተር መጣ። ዓመታት አለፉና ሄኖክ የሚባል ጎበዝ ልጅ አለቃ ሆኖ ተሾመብኝ። ጎበዝ ያልኩት ለይሉኝታ አይደለም፤ ጋሽ ወርቅነህ ሁለት ቀን የሚፈጅባቸውን ስሌት ሻይ ሳይቀዘቅዝ ይጨርሳል። ኮምፒዩተሩ ግን ውሃው የት እንዳለ አያውቅም። አንተ የነገርከውን ያምናል። ለግድቡ በሙሉ አንድ የግፊት ልክ ስጠኝ ይልሃል፣ ወይም መስመር አስምር ይልሃል፣ ወይም አፈሩ ውሃ የሚያሳልፍበትን ፍጥነት ንገረኝና እኔ ልከተለው ይልሃል። በሦስቱ መንገድ ሦስት የተለያየ መልስ ይወጣል፤ ሦስቱም በቀለም አምረው ነው የሚታተሙት።

ከሐረር ወጣ ብሎ ሶፊ የሚባል ቦታ ያለው ግድብ ትልቅ አይደለም። በሁለት ኮረብታ መካከል የተደለደለ አፈር ነው፤ በላይ ኩሬ፣ በታች የጫት ማሳና ቤቶች። በክረምት የተጠራቀመው ውሃ በበጋ ጫት ያጠጣል። ጫት ውሃ በጠጣ በጥቂት ሳምንት ቀንበጥ ያወጣል፤ በዓል ሲቃረብ ደግሞ ቀንበጥ የያዘ ሰው ጌታ ነው። የሶፊ ገበሬዎች ታዲያ የሚያጠጡት ተራ በተራ ሳይሆን ሁሉም ባንድ ሰሞን ነው። ምክንያቱን የነገሩኝ የውሃ አባት፣ ማለትም የውሃው አከፋፋይ፣ የነበሩት ኦቦ ሙሜ ናቸው። በበጋ አንድ ማሳ ብቻውን ከለመለመ ዓይን ያርፍበታል፣ ሌባ ይመጣበታል፤ ቀድሞ የደረሰለት ገበያውን ይወስዳል፣ የዘገየበት ይቀየማል። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ቀን ይቆርጣሉ፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ፓምፖቹ ግድቡ አናት ላይ ተደርድረው እኩል ይነሳሉ። ማንም ከማንም አይቀድም። በእውነት ከዚህ የበለጠ ፍትሕ አላየሁም። ሲነግሩኝ ግን ጀርባዬን ቀዘቀዘኝ፤ እነሱ ፍትሕ የሚሉት ነገር በእኔ ሙያ ኩሬውን በጥቂት ቀን ማራቆት ነው። እስከዚያ ዘመን ፓምፑ ጥቂት ስለነበረ ኩሬው ቀስ እያለ ነበር የሚጎድለው። በኋላ ከሐረር የሚከራይ ፓምፕ በዛ።

ያን ዓመት ዒድ በጋው መሐል ላይ ዋለ። የሐኪም ጋራን ቁልቁለት አልፌ ወደ ሶፊ ስጠጋ ገና ከሩቁ የፓምፕ ጩኸት ተቀበለኝ፤ ቆጥሬ የማልጨርሰው ጩኸት። ግድቡ ላይ ስደርስ ኩሬው ካሰብኩት በላይ ወርዷል። በውሃው በኩል ሴቶች እየተከተሉት ወርደው ልብስ ያጥባሉ፣ ከብቶች ጭቃው ውስጥ ገብተው ይጠጣሉ። ጎኑ ላይ ቱቦ የሚጎትቱ ወንዶች ይወጣሉ ይወርዳሉ። በግድቡ ሆድ የውሃውን ከፍታ የምናነብባቸው ቀጥ ብለው የተቀበሩ ቱቦዎች አሉን። ወደ አንዱ ሄጄ መለኪያዬን አወረድኩ። ውሃውን ወዲያው ነካ። ደግሜ አወረድኩ። ኩሬው ሄዷል፤ ሆድ ውስጥ ያለው ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

ሄኖክ ዘንድ ደወልኩ። በእሱ ስሌት ኩሬው ሲወርድ የውስጡ መስመርም አብሮ ይወርዳል፤ ጎኑ ደህና ነው ይላል። መስመሩን እላይ እንዲተወው ለመንኩት፣ ያነበብኩትን ነገርኩት። ጥቂት ቆይቶ መልሶ ደወለና ድምፁ ዝቅ ብሎ ቁጥሩ አንድ ላይ ሊያርፍ ነው አለኝ። ግን አፈሩ ትንሽ ትንሽ ውሃ መልቀቁ አይቀርም፣ የእርስዎ መስመር የመጨረሻው ክፉ ነው፣ የእኔ የመጨረሻው ደግ፣ እውነቱ መካከል ላይ ነው አለ። ትክክል ነበር። «አውቃለሁ» አልኩት። «መካከሉ ላይ የቆመችው ግን ልብስ የምታጥብ ሴት ናት።» ከዚያ ትእዛዙን በኃላፊነቱ እንደሚሰጥ፣ ፓምፖቹን ግን እኔው እንዳስቆም ነገረኝ። ሐረር ቢሮ የተቀመጠ ሰው በዓል አፋፍ ላይ ፓምፕ አስቁም ማለት ቀላል መስሎት ይሆናል።

ኦቦ ሙሜ ግድቡ አናት ላይ ሰዎች መሐል ቆመው ነበር። ፓምፖቹ ይቁሙ ስል በመጀመሪያ የሰማኝ የለም፣ ቀጥሎ የሰማኝ ሁሉ ሳቀ። ነጂብ የሚባል ፓምፕ አከራይ የሐረር ልጅ ቀረበኝ።

«አቦ ኢንጂነር፣ ግድቡ ጢም ብሎ ሞልቶ ያልወደቀ አሁን ሸክሙ ሲቀልለት ይወድቃል?»

ይህን ጥያቄ ዩኒቨርሲቲም ይጠይቁታል። ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያስበው፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነውና። ቁጥር ባወራ እንደማይጠቅም ስለገባኝ ኦቦ ሙሜን ክንዳቸውን ይዤ ወደ ቱቦው ወሰድኳቸውና ውስጡ ውሃ አለ፣ ቅርብ ነው አልኳቸው። ሽማግሌው አላመኑኝም። ጎንበስ ብለው ጠጠር አነሱ። መለኪያ ቱቦ ውስጥ ጠጠር መጣል መሣሪያውን መድፈን ነው፣ ሌላ ሰው ቢሆን እጁን እይዘው ነበር። እሳቸውን ግን ተውኳቸው። ጣሉት። ጠጠሩ እጃቸውን እንደለቀቀ ጧ አለ።

ቀና ብለው ኩሬውን አዩ፣ ሩቅ ታች ነው። ቱቦውን አዩ። ሁለተኛ ጠጠር ጣሉ። እንደገና ጧ።

«ሱብሃነላህ» አሉ ቀስ ብለው። «ኩሬው እዚያ ነው። ይሄ ውሃ እዚህ ምን ይሠራል?»

«መውጫ አጥቶ ነው፣ ኦቦ። ቀስ ብላችሁ ብትቀዱ ይከተላችኋል። ስትሮጡበት ግን እዚሁ ይቀርና ግድቡን ከውስጥ ይገፋዋል።»

ከዚያ በኋላ ብዙ አላናገሩኝም። በኦሮምኛ ጮኸው ወንዶቹ እንዲወጡ፣ ሴቶቹ እንዲወጡ፣ ከብቱ እንዲነዳ አዘዙ። ሰው እያጉረመረመ ሽቅብ ተንቀሳቀሰ። እኔ አናቱ ላይ ቆሜ አንድ በአንድ ሲወጡ እቆጥራለሁ። ያን ጊዜ ነው እግሬ አጠገብ አንድ ጥንድ የሴት ነጠላ ጫማ ያየሁት። ጭቃ እንዳይበላው ተወልቆ በደንብ ተቀምጧል። ታች ሳይ አንዲት አሮጊት ጀርባቸውን ሰጥተው ያጥባሉ። ሰዎች ይጣራሉ፣ እሳቸው አይሰሙም፤ ጆሯቸው ደክሟል። ቅርባቸው ያለሁት እኔ ነኝ።

አህመዲንን አሰብኩ። እውነቱን ለመናገር ለመውረድ አልደፈርኩም ነበር፤ እግሬ ነው የወረደው። ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል ይባላል፤ እኔ ጭቃ ውስጥ ላቤ በዓይኔ እየገባ ወረድኩ። በእያንዳንዱ እርምጃ አፈሩ ከሥሬ ሲተነፍስ የሚሰማኝ መሰለኝ። እውነት ይሁን ፍርሃቴ አላውቅም። አሮጊቷን ትከሻቸውን ነካኋቸው። ፊታቸውን መለሱና ምን ፈልገህ ነው ልጄ በሚል ዓይን አዩኝ። እንውጣ አልኳቸው በእጄ። ልብሴንስ አሉ። ሳፋውን ከነእርጥብ ልብሱ ራሴ ላይ ተሸከምኩና እጃቸውን ይዤ ስወጣ ነጂብ ወርዶ ተቀበለኝ። አናቱ ላይ ስደርስ ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ ግድቡን ያያል። ግድቡ ቆሟል። ምንም አልሆነም።

ያን ቀን ምንም አልሆነም፣ በማግስቱም ምንም አልሆነም። ውሃው በተራ፣ በቀን ከአንድ ስንዝር በላይ እንዳይወርድ ተደርጎ ተቀዳ፤ ጎኑ ላይ ሰው እንዳይወርድ ተከለከለ። የመጀመሪያዎቹ ባለተራዎች ቀንበጥ ለዒድ ደረሰ። የመጨረሻዎቹ አልደረሰም። ኦቦ ሙሜ የራሳቸውን ማሳ መጨረሻ ላይ አደረጉት፤ በዚያ ጫት ልጃቸውን ሊድሩ ነበር፣ ሠርጉ ወደ ሌላ ዓመት ተላለፈ። ግድቡ አናት ላይ በርዝመቱ አንድ ቀጭን ስንጥቅ ታየ። ኖራ በጥብጬ አፈሰስኩበት፣ በግራና ቀኙ ችንካር ተክዬ ይሰፋ እንደሆነ እየተመላለስኩ ለካሁ። አልሰፋም። ሄኖክ በጋ ያሰነጠቀው ሸክላ አፈር ነው አለ። ሊሆን ይችላል። ሊንሸራተት ጀምሮ የተወው ጎንም ሊሆን ይችላል። ያልወደቀ ግድብ ምስክር የለውም።

ስም ወጣልኝ። የጫት ገበያው ላይ ስጋቱ እያሉ ይጠሩኝ ጀመር፤ «ኢንጂነር ስጋቱ መጣ፣ ውሃችሁን ደብቁ» ይላሉ። አንዳንዱ ሰላምታ ነፈገኝ። የከፋኝ ግን እሱ አልነበረም። በየበጋው ራሴን እጠይቅ ነበር፤ የእነዚያን ሰዎች ዓመት በከንቱ አበላሽቼ ይሆን? እባብ ያየ በልጥ በረየ ይሉት ነገር ሆኖብኝ ይሆን? መልስ የለውም። መልሱን ለማግኘት ግድቡ መውደቅ ነበረበት።

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ፤ ቱቦዎቹን የሚያነብ ሌላ ሰው አለ ይሉኛል። አላረፍኩም። ሲመቸኝ ባጃጅ ተሳፍሬ ሶፊ እወርዳለሁ። በቅርቡ በበጋ ስሄድ ከሩቁ ጆሮዬን አቆምኩ፤ ምንም ድምፅ የለም። ደስ አለኝ፣ አልጀመሩም ማለት ነው አልኩ። ግድቡ ላይ ስወጣ ፀሐይ የሚሞቁ ሰሌዳዎች ተደርድረዋል፤ ውሃው በየቱቦው ኮለል እያለ ይወርዳል። የሶላር ፓምፕ ድምፅ እንደሌለው ረስቼ ነበር። ድሮ ከሩቁ ያስጠነቅቀኝ የነበረው ጩኸትም ጠፍቷል። ኩሬውን አየሁ፣ ወርዷል። ያ የድሮው ብርድ ጀርባዬ ላይ ወጣ።

ኦቦ ሙሜ አናቱ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ አርጅተዋል፣ ዱላቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። የውሃ አባትነቱን ለልጃቸው ለጀማል አስረክበዋል፤ ጀማል ራሱ የልጆች አባት ነው። ጎልማሳው ታች በማሳው በኩል ሆኖ በስልክ ያወራል። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከሰላምታው በኋላ ያን ዓመት ይቅርታ እንዳልጠየቅኳቸው ትዝ አለኝና ስለ ልጅዎ ሠርግ አዝኜ ነበር አልኳቸው። እጃቸውን አወዛወዙ።

«ሠርጉ ተደረገ፣ አልሐምዱሊላህ። ያንን አይደለም የወሰድክብኝ። እንቅልፌን ነው። ያን ጠጠር ከጣልኩበት ቀን ጀምሮ በጋ በመጣ ቁጥር ይሄ ውሃ ኩሬው ውስጥ ነው ወይስ ግድቡ ሆድ ውስጥ እላለሁ። ፍርሃትህን ሰጥተኸኝ ሄድክ።»

ባለቤቴ እንኳ ያልተጋራችኝን ፍርሃት እሳቸው ሲናገሩት ዓይኔ እንባ ሞላ።

«ልመልስልህ ብል ግን አልመልስም» አሉ። «ያኔ ስትጣሩ ያልሰማችው የእኔ እህት ነበረች።»

ይህን ሁሉ ዘመን አልነገሩኝም ነበር። ጫማቸውን ያየሁላቸው አሮጊት። ኩሬውን አየን። ከብቶች ጭቃው ውስጥ ገብተዋል፣ ውሃው ያለ ድምፅ ይሄዳል።

«ጀማልስ ይፈራል?» አልኳቸው።

«ጀማል?» አሉ ወደ ልጃቸው እያዩ። «እሱ ኩሬው ሞልቶ ያልወደቀ ሲጎድል አይወድቅም ነው የሚለው። እኔ ሳልፍ ማን ሊፈራለት ነው?»

«እንግዲያውስ እናስፈራው» አልኩ።

ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱ፤ ክንዳቸውን ያዝኩ። በደረቁ በኩል ቀስ እያልን ወደ ግርጌው ወረድን። ከታች ቆመው ጠሩት። ጀማል ስልኩን ኪሱ ከቶ፣ ምን ጉድ መጣ በሚል ፊት መጣ። ሁለታችንም ሽማግሌዎች ባዶ እግራችንን ቆመናል።

«ጫማህን አውልቅ» አሉት አባቱ። «ና፣ እዚህ ቁምና ወደ ላይ እይ።»